መርሳት የነበረበት ሳጥን

ሟቿ በሕንፃው ጓሮ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ የካውያ ሙቀት ገና ባልለቀቀው ነጭ አንሶላ ተሸፍና ነበር። አንሶላውን ያለበሰቻት ምድር ቤት ባለው የልብስ ንጽሕና መስጫ ልብስ የምትተኩስ አሮጊት ናት። መርማሪዋ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየች፤ መልሳ ሸፈነች፤ ከዚያ ወደ ላይ አንጋጠጠች። ከሦስተኛው ፎቅ የኋላ በር እስከ ጓሮው ድረስ ግድግዳውን ተደግፎ የብረት ደረጃ ይወርዳል።

«አዳልጧት ነው የሚሉት» አለ ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ።

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም አንድ ቃል ሲናገር ደስ አይለኝም» አለችና ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ አጭር፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰው ወሬ እጇ ከገባ እንደ ዱቄት ነፍታ እንክርዳዱን ሳታስቀር አትተኛም። ሦስተኛው ፎቅ ስትደርስ ትንፋሿን ሰበሰበችና የደረጃውን መከታ ብረት ለካች። ከወገቧ በላይ ነው። ሰው አዳልጦት ደረጃው ላይ ይንከባለላል እንጂ ይህን ያህል ብረት ተሻግሮ ወደ ውጭ አይወድቅም። በሩ አጠገብ ባለው የመስኮት ደፍ ላይ ደግሞ አንድ መነጽር አየች። አልተሰበረም። ጆሮዎቹ በጥንቃቄ ታጥፈዋል።

ከታች ጩኸት ተሰማ። የሟች ታናሽ እህት ደርሳ ነበር። ፖሊሱ ሊይዛት ሲሞክር እጁን አሽቀንጥራ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። አላለቀሰችም። ዓይኗ ደም ለብሷል።

«እህቴን ማን ገደላት?»

«ተገደለች ያለሽ ማነው?»

«እሷ ናታ! ትናንት እራት አልበላም ብላ ቤቱን ስትዞረው አመሸች። ‹አንድ ፊርማ ሰው ገደለ› አለችኝ። የማን ፊርማ ብላት ‹ነገ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፤ ከዚያ ለክሊኒኮቹ› ብላ ዝም አለች።» ዓይኗ መነጽሩ ላይ አረፈ። «ይኸውልሽ። እህቴ ስትቆጣ መነጽሯን ታወልቃለች። ከልጅነቷ ጀምሮ። የምትቆጣውን ሰው ፊት ጥርት አድርጌ ባላየው ይሻለኛል ትል ነበር።»

መርማሪዋ መነጽሩን በመሐረቧ ጠቅልላ ያዘች። እንግዲህ ሟቿ ከመውደቋ በፊት እዚህ ቆማ አንድን ሰው ትቆጣ ነበር።

ፎቁ ላይ ያለው አንድ ትንሽ ቢሮ ብቻ ነው። ለሰባት ክሊኒኮች አንድ ቀላል የድረ ገጽ መተግበሪያ ይሠራል፤ የትኛው በሽተኛ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው ነርሶች የሚመዘግቡበት። ሠራተኞቹ አራት ነበሩ። ፕሮግራሙን ትጽፍ የነበረችው ሟቿ ናት፤ ሁሉንም ሥራ ስላስተማረቻቸው «እታለም» ይሏታል። የቀሩት ሥራ አስኪያጁ፣ የገጾቹን መልክ የምትነድፈው ወጣት፣ እና መተግበሪያው በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ሞካሪ ናቸው። ሞካሪውን «ጨዋው» ነው የሚሉት።

ሥራ አስኪያጁ ሲጠራ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ነበር።

«ምን የሚያስመረምር ነገር አለው? ያ ደረጃ ይጠገን ብዬ ለሕንፃው ባለቤት ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! ሊፍቱስ ቢሆን? ዛሬ እኔ ራሴ ውስጡ ተቀርቅሬያለሁ!»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ። መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ግን አብሮኝ የነበረው የላይኛው ፎቅ ጠበቃ ልቡ ሊቆም ምንም አልቀረው። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። መብራቱ ተመልሶ ሊፍቱ ሲከፈት ጩኸቱን ሰማን።»

«ከዚያ?»

«ሁላችንም ወደ ታች ሮጥን። ጨዋው ብቻ ላይ ቀረ፤ ደም ማየት አይችልም። ፖሊስ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ቆመን ነበር።»

ነዳፊዋ የመጣችው አፍንጫዋ ቀልቶ ነው። ፊት ለፊት ባለው ክፍል ተቀምጣ ከደንበኞች ጋር በቪዲዮ ስታወራ እንደነበር ተናገረች።

«መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። የእኔ ላፕቶፕ በባትሪ ስለሚሠራ አልጠፋም፤ ሰዎቹ ግን ጠፉብኝ። ወዲያው በስልኬ ደውዬ ይቅርታ እየጠየቅኳቸው ሳለ ነው ጩኸቱ የተሰማው። እነሱም በስልኩ ሰምተውታል።»

«እታለምን ማን ይጠላታል?»

«የሚጠላት የለም። የሚፈራት ግን… ሁላችንም። ሥራ ላይ ቀልድ አታውቅም ነበር።»

መርማሪዋ ምድር ቤት ወርዳ ተኳሿንም ጠየቀች።

«እማማ፣ ምን አዩ?»

«ልጄ፣ ካውያዬ ‹ቲክ› ብሎ ሞተብኝ። ደግሞ ጠፋ ብዬ ወደ አምፖሉ ቀና ስል፣ ያ ድምፅ። እግዜር አያሰማሽ። የዱቄት ጆንያ ከሰማይ የወደቀ ነው የመሰለኝ።» አሮጊቷ እጇን አወናጨፈች። «ስጮህ ከላይ የብረቱ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሰው ሲወድቅ በር የሚዘጋ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

መጨረሻ ላይ ጨዋው ተጠራ። የኋለኛው ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከክፍሉ በር እስከ ብረት ደረጃው ሦስት እርምጃ አይሞላም። ጥግ ላይ ስክሪን የሌለው ትልቅ ኮምፒዩተር ያጓራል። ጨዋው ለመርማሪዋ ወንበር ስቦላት፣ በእጅጌው ጠርጎ፣ እስክትቀመጥ ቆመ። ድምፁ ለስላሳ ነው።

«በጣም አዝናለሁ። እንደ ታላቅ እህቴ ነበረች።»

«የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከስምንት ተኩል ጀምሮ ጩኸቱ እስኪሰማ ከወንበሬ አልተነሳሁም። የውሸት በሽተኞች እየፈጠርኩ መተግበሪያው ላይ አስገባለሁ፤ እንዲያ ነው የሚሞከረው።» ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረ። ገጹ ላይ አሥራ አንድ ስም ተደርድሯል፣ ከየስሙ ጎን ሰዓት። የመጀመሪያው ስምንት ተኩል ላይ፣ የመጨረሻው ዘጠኝ ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ላይ።

«በዚያ መሐል የተለየ ነገር አልነበረም? ድምፅ፣ ሰው፣ ምንም ነገር?»

«ምንም። ጸጥ ያለ ከሰዓት ነበር።»

«ጩኸቱን ሰምተህ ለምን አልወረድክም?»

«እግሬ ከዳኝ። እዚሁ ተቀምጬ ቀረሁ።»

«ይህን ዝርዝር አትምልኝና ፈርምበት። ለአንተም ይጠቅምሃል።»

አተመ። ፊርማው ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ የሟቿን መሳቢያ ከፈተች። ከብዙ ወረቀት መሐል አንዱ ብቻ በቀይ ተከቧል፤ መተግበሪያው ለክሊኒኮች ከመሰጠቱ በፊት የተሞላ የፍተሻ ቅጽ ነው። ሰባተኛው ተራ «ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሳ መዝገቡ በቦታው ይገኛል» ይላል። አጠገቡ «ተሞክሯል፤ አልፏል» የሚል ምልክትና ፊርማ አለ። ከፊርማው ጎን እታለም በቀዩ እስክሪብቶ አንድ ቃል ብቻ ጽፋለች፦ «ውሸት!»

ወረቀቱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ምንድነው ይሄ?»

ሰውዬው ወረቀቱን አይቶ ቀለሙ ተለወጠ። «እያጣራነው ነበር…»

«ምኑን?»

«ከሁለት ሳምንት በፊት በአንደኛው ክሊኒክ አንዲት ሴት መርፌ ተወግታ ሞተች። ፔኒሲሊን አይስማማትም ነበር። ነርሷ ‹መዝግቤዋለሁ› ብላ ማለች። መዝገቡ ላይ ግን የለም። ነርሷን አባረሯት። እታለም ይህን ስትሰማ ስህተቱ የእኛ ነው አለች። እኔ ውሉ እስኪታደስ ትንሽ ታገሺ አልኳት። በቃ።»

«መተግበሪያው አሁንም ክሊኒኮቹ ውስጥ ይሠራል?»

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መርማሪዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ብርጭቆው ዘለለ። «ሁለት ሳምንት! ሰው ሞቶ፣ ነርስ ተባርራ፣ ሁለት ሳምንት ታገሺ? ቁጭ ይበሉ እዚያ! አይንቀሳቀሱ!»

ከዚያ ወደ ነዳፊዋ ሄደች። «ልጄ፣ እኔ ኮምፒዩተር ላይ ደብዳቤ ከመጻፍ ሌላ አላውቅም። ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ እንደ ሕፃን አስረጂኝ።»

ነዳፊዋ የኋለኛው ክፍል ወስዳ ትልቁን ኮምፒዩተር አሳየቻት። «መተግበሪያው የሚነሳው ኮንቴይነር በምንለው ነገር ውስጥ ነው፤ እኛ ሳጥን እንለዋለን። መተግበሪያው ራሱ፣ መዝገቡ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አንድ ትእዛዝ ሲጻፍ ሳጥኑ ይነሳል፣ እኛም ከየላፕቶፓችን ገጹን እንከፍታለን። ለመሥሪያ በጣም ምቹ ነው፤ ብናበላሸው ጥለን አዲስ እናስነሳለን።»

«ስትጥሉት ውስጡ የተጻፈውስ?»

«አብሮ ይጠፋል። የሆቴል ክፍል በሉት። እንግዳው ሲወጣ ክፍሉ ይጠረጋል፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ማን አድሮበት እንደነበር አይታወቅም። መቅረት ያለበት ዕቃ ካለ ከክፍሉ ውጭ መጋዘን ይሰጠዋል። መዝገቡን ከውጭ መጋዘን ጋር የምታያይዝ አንዲት የትእዛዝ መስመር አለች…» ነዳፊዋ ድንገት ቆመች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለክሊኒኮቹ የሄደው ይኸው የእኛ የመሥሪያ ሳጥን ነው። መስመሯ የለችበትም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ይህ ግን ወረቀት አይደለም። ይህኛው ኮምፒዩተር መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?»

«አብሮ ይጠፋል። መጠባበቂያ ባትሪው ከሞተ ከርሟል። መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል፤ አሮጌውን ሳጥን ይጥልና አዲስ ያስነሳል።»

«መቼ እንደተነሳ ይመዘግባል?»

ነዳፊዋ ጥቂት ፊደላት ጻፈች። «ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።»

«ገጹ ላይ ከየስሙ ጎን ያለውን ሰዓት የሚጽፈውስ ማነው? ኮምፒዩተሩ?»

«አይ፣ በእጅ ነው የሚሞላው። ነርሶች ሥራ ሲበዛባቸው ዘግይተው ስለሚያስገቡ እንዲያ ይሻላል ብለን ነው።»

መርማሪዋ ነዳፊዋን ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። ዓይኗ ጠብቦ ነበር። «ሁሉንም ጥሪልኝ። እህቷንም።»

የኋለኛው ክፍል ጠባብ ነው። ሥራ አስኪያጁ መስኮቱን ተደግፎ፣ ነዳፊዋ ላፕቶፑ ፊት፣ ጨዋው ወንበሩ ላይ እጁን አጣምሮ፣ የሟች እህት ትልቁ ኮምፒዩተር አጠገብ ቆመች። ፖሊሱ በሩን ያዘ።

«እታለም አላዳለጣትም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «መከታው ብረት ከወገብ በላይ ነው። መነጽሯን አውልቃ አጥፋ አስቀምጣለች፤ ያን የምታደርገው ሰው ስትቆጣ ነው። ስትወድቅ ደግሞ አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እማማ ሰምተዋል። የወደቀችበትን ደቂቃም ከእሳቸው አውቀናል። ካውያቸው ሲሞት ነው፤ መብራት ሲጠፋ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«በዚያች ደቂቃ ሥራ አስኪያጁ ከጠበቃው ጋር ሊፍት ውስጥ ነበሩ፤ ጠበቃው መስክሯል። ነዳፊዋ ስልክ ላይ ነበረች፤ ደንበኞቹን ጠይቄያለሁ። አንተስ?»

«ነግሬዎታለሁ እኮ» አለ ጨዋው በለስላሳ ድምፁ። «እየሠራሁ ነበር። ፈርሜም ሰጥቻለሁ።»

«አዎ፣ ፊርማ ላይ ለጋስ ነህ። በዚህ ቤት ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ ስለዚያ መብራት አንስቷል። አንዱ ሊፍት ውስጥ ተቀረቀረ፣ አንዷ ስብሰባዋ ተቋረጠ፣ አንዷ ካውያዋ ቀዘቀዘ። ሥራውን ይህ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ የነበረው ሰው ብቻ ‹ጸጥ ያለ ከሰዓት› አለኝ።»

«ላፕቶፔ በባትሪ ነው። ላላስተውለው እችላለሁ።»

«ትችላለህ። ስለዚህ አንድ ነገር እንሞክር፤ ሞካሪ አይደለህ?» ወደ ነዳፊዋ ዞረች። «አንድ ስም አስገቢ። የፈለግሽውን።»

ነዳፊዋ ጻፈች። ከአሥራ አንዱ ስሞች ሥር አሥራ ሁለተኛው ተጨመረ።

«አሥራ አንዱ ትናንት ታትመው ተፈርሞባቸዋል፤ ስለእነሱ አትስጉ።» መርማሪዋ የሟችን እህት አየቻት። «ገመዱን ንቀይው።»

እህትየው ጎንበስ አለችና የኮምፒዩተሩን ገመድ ከግድግዳው በሁለት እጇ መንጭቃ ነቀለችው። ማጓራቱ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

«መልሺው።»

እንደገና አጓራ። ጥቂት ጠበቁ። ነዳፊዋ ገጹን ከፈተች። ባዶ ነው። አሥራ ሁለተኛው የለም፤ አሥራ አንዱም የሉም።

«እታለም ትጮህ የነበረው ስለዚህ ነው» አለች መርማሪዋ፤ ድምጿ እየከረረ መጣ። «ይህ ሳጥን ሲጠፋና ሲነሳ ሁሉን ይረሳል። ትናንት ደግሞ ጠፍቶ ዘጠኝ ከአሥራ አንድ ላይ ተነስቷል፤ ኮምፒዩተሩ መዝግቦታል። አንተ ከዘጠኝ ከአሥር በፊት አሥራ አንድ በሽተኛ አስገብቼ ነበር ካልከኝ፣ እኔ ስመጣ አንዱንም ማግኘት አልነበረብኝም! ሁሉንም አገኘኋቸው። ስለዚህ ያስገባሃቸው እሷ ከወደቀች በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ታች አስከሬኗ ዙሪያ ቆሞ ሲያለቅስ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ስም እየፈጠርክ፣ ሰዓቱን በእጅህ እየሞላህ ነበር! መብራቱ መጥፋቱን አላወቅክም፤ ውጭ፣ የቀን ብርሃን ባለበት ደረጃ ላይ ነበርክና። ንጹሕ ሰው የራሱን ከሰዓት ለምን ይፈጥራል?»

ጨዋው ላፕቶፑን ከደነው።

መርማሪዋ በቀይ የተከበበውን ቅጽ ዘረጋችለት። «ይህ የማን ፊርማ ነው? አሁን አንድ ደቂቃ የፈጀብንን ሙከራ ያን ጊዜ አላደረግከውም። ‹አልፏል› ብለህ ፈረምክ። ሴትዮዋ ሞተች።»

ያን ጊዜ ጨዋነቱ ከፊቱ ተገፈፈ። ብድግ ብሎ ወንበሩን በእግሩ አሽቀነጠረው።

«አንዲት ምልክት ናት! አንዲት የማትረባ ምልክት! ሁሉም ሳያነብ ነው የሚፈርመው! እሱ ራሱ» ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠቆመ፣ «ቶሎ ጨርስ፣ ዛሬ ይላካል እያለ ይነዘንዘኝ ነበር! ለመንኳት! ቅጹን ቅደጂው፣ መስመሯን ጨምረን ዝም ብለን እንላክላቸው አልኳት። ‹የተባረረችው ነርስስ?› አለችኝ። እንደ ተማሪ ቆጣችኝ! እንደ ሕፃን!»

«እና ገፋሃት» አለች እህትየው።

«ዝም እንድትል ነው የፈለግኩት…»

እህትየው ልትደርስበት ስትወረወር መርማሪዋ መሐል ገብታ አቀፈቻት። ፖሊሱ ጨዋውን እጁን ጠምዝዞ ካቴና አሰረበት። ሲያወጡት ኮሪደሩ ላይ አሁንም ስለ ምልክቷ ይጮህ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ። «እንግዲህ… እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር። ለክሊኒኮቹ የምንለውን ነገር ከጠበቃ ጋር ተማክረን በሚቀጥለው ሳምንት…»

«በሚቀጥለው ሳምንት?» ነዳፊዋ ናት የተናገረችው። እስከዚያች ቀን ሥራ አስኪያጁ ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «ዛሬ ጠዋት ስንቱ መርፌ ይወጋል? መብራት የሚጠፋው እዚህ ብቻ ነው? እርስዎ ሰው አይደሉም?» የጠረጴዛውን ስልክ አንስታ ፊቱ ላይ አስቀመጠችው። «ይደውሉ!»

ሥራ አስኪያጁ መርማሪዋን አየ። መርማሪዋ ወንበር ስባ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ ጉልበቷን እያሸች ጠበቀችው። «እኔ አልቸኩልም» አለች። «ሰባቱም እስኪያልቁ እዚሁ ነኝ። ከዚያ አብረን ጣቢያ እንሄዳለን፤ ስለ ሁለቱ ሳምንታት የምጠይቅዎት አለኝ።»

ደወለ። የመጀመሪያው ላይ ቃላት እያሽሞነሞነ ሊያልፍ ሲል ነዳፊዋ ስልኩን ነጠቀችው። «መዝገቡን አትመኑት! በሽተኛውን ራሱን ጠይቁት፤ የሚላችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ!» አለች። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እስከ ስድስተኛው ድረስ እንዲሁ ቀጠለች። አንደኛው ክሊኒክ ትናንት ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶበት ነበር። አንደኛው ሰደባቸው።

ሰባተኛው ሴትዮዋ የሞተችበት ነው። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ አለ። የሟች እህት ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የስልክ ዝርዝር አንብባ ራሷ ደወለች። ኃላፊው ሲያነሳ ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሳች።

«ያባረራችኋትን ነርስ ስልክ ቁጥር እፈልጋለሁ» አለች። «ማን ልበል ነው ያልከው? የእታለም እህት በል። አዎ፣ አሁኑኑ። እየጻፍኩ ነው፤ ቀስ ብለህ ንገረኝ።»